የተደገመ እንቁላል አትበላም

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ፊቷን አጠብኩ፣ ፀጉሯን አበጠርኩ (በተሳሳተው በኩል ከፈልኩት መሰለኝ፣ ገላመጠችኝ)፣ መድኃኒቷን ፈጨሁ፣ አንሶላ አጥቤ አሰጣሁ። ስትሮክ ከመታት ነገ ሰባ ቀን ይሞላል። ቀኝ እጇ ተኝቷል፣ ቀኝ እግሯም፣ ቃሏም። ግልምጫዋ ግን ሙሉ ነው… እሱን ያተረፈልን ይመስገን።

የመዋጥ ባለሙያዋ መጣች። ልጅ እግር ናት። ሆስፒታሉ በየማክሰኞው ይልካታል፤ ሥራዋ መዋጥ ላቃተው ሰው መዋጥ ማስተማር ነው። እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን ሳላውቅ ስድሳ ሁለት ዓመት ስውጥ ኖርኩ። ሚስቴን አቅፌ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሁለታችን መቶ አሥር ከግማሽ። የኔ ስልሳ ስምንት ሲቀነስ የሷ አርባ ሁለት ከግማሽ።

«ጋሼ፣ እትዬ ቀንሰዋል።»

«አይቻለሁ።»

«ከአርባ ከወረዱ ሐኪሙ ቱቦ ነው የሚያዝላቸው። በሆዳቸው በኩል። ኅዳር ስምንት ቀጠሮ አላችሁ፣ ያን ቀን ይወሰናል።»

ሚስቴ ትሰማለች። መናገር እንጂ መስማት አልተወሰደባትም። ቱቦ ሲባል ዓይኗን ጨፈነች።

እናቷ ስትሞት ቱቦ ላይ ነበረች፣ አሥራ አራት ወር። ከቀብር ስንመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «እኔን እንዲህ እንዳታደርገኝ፣ ማልልኝ» አለችኝ። ማልኩላት። ያኔ ሁለታችንም ጤነኞች ነበርን። መማል ቀላል ነበር።

ጥቅምት 5፣ ሐሙስ

የካሮት ሾርባ… አፏን ገጠመች። የተፈጨ ሙዝ… አንድ ማንኪያ፣ እሱንም ጉንጯ ውስጥ ይዛ ቆይታ መለሰችው። ሩዝ በወተት… ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«በሞቴ» አልኳት። «አፈር ስሆን።» እነዚህ ቃላት የሷ ነበሩ፤ እንግዳ ጠገብኩ ሲል ሳህኑ ላይ እየደረበች የምትላቸው። በኔ አፍ የተውሶ ኮት ሆኑ።

መዋጥ ግን ትችላለች። ባለሙያዋ በዓይኗ አይታለች። ምግቡ ለስላሳ ከሆነ፣ ቀጥ ብላ ከተቀመጠች፣ አገጯን ዝቅ ካደረገች ትውጣለች። ታዲያ ለምን አትበላም? … መልሱን የማውቀው ይመስለኛል። አልጽፈውም።

ጥቅምት 6፣ ዓርብ

ተናገረች። በሰባ ሁለት ቀን የመጀመሪያው።

ማንኪያውን ሳቀርብላት በግራ እጇ እጄን ያዘችና «እን…» አለች። ደግማ «እን…»። ከዚያ አፏን ገጠመች። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ፤ እንደዚያ ታግላ ነው ያወጣችው።

እን… ምን? እንትን? (እንትን ከሆነ አልቆልናል። በዚህ ቤት እንትን ያልተባለ ዕቃ የለም።) በእን የሚጀምር ምግብ ቆጠርኩ። እንጉዳይ? ቀምሳው አታውቅም። እንጆሪ? ወቅቱ አይደለም። እን… እንቁላል!

ሥራዬ እኮ ይኸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጬ ጸሐፊ የዘለለውን ፊደል ስሞላ ኖሬያለሁ። አራሚ ነኝ፤ ጎደሎ ቃል ካየሁ እጄ አያርፍም። የሚስቴን ቃል ልጨርስላት እንዴት ያቅተኛል?

«እንቁላል ነው አይደል?» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ዝምታ እሺታ ነው ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ሁለት እንቁላል ቀቀልኩ፣ በሹካ ደፍጥጬ በእርጎ አላላሁት፣ በወንፊት አሳለፍኩት። አልጋዋ ጠርዝ ተቀምጬ መጀመሪያ ለራሴ ቀመስኩ። ጨው የሌለው እንቁላል ምን ይሆን ብዬ ነው፤ ለደም ግፊቷ ጨው ተከልክላለች። ምንም አይልም።

ስድስት ማንኪያ በላች። ስድስት። ወጥ ቤት ሄጄ አለቀስኩ።

ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ

ያንኑ ሠራሁ። በልበ ሙሉነት፣ አንገቷ ላይ ፎጣ አስሬ፣ ማንኪያ ሞልቼ። «እን…» አለችና አፏን ገጠመች።

«ይኸው እንቁላል።» ገጠመች። «የትናንቱ እኮ ነው።» ገጠመች። ተውኩት።

ጥቅምት 8፣ እሑድ

ዛሬ ሌላ ዓይነት። ድስት ውስጥ ውሃ አፈላሁ፣ ላዩ ላይ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ እንቁላል በወተትና በቅቤ። እሳት ሳይነካው በእንፋሎት ብቻ፣ ሳላቋርጥ እያማሰልኩ፣ ግማሽ ሰዓት። እንደ ክሬም ሆኖ ወጣ። ራሴን አላመንኩም፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንድ ጎረስኩ። እጅ ያስቆረጥማል። ሌላም ጎረስኩ።

እሷም በላች። ጥርግ አድርጋ።

ገባኝ። የተደገመ አትበላም! ዱሮም እንዲህ ናት፤ ዩኒፎርም ስትሰፋ እንኳ ሁለት ቀን በተከታታይ አንድ ዓይነት ኪስ መስፋት ያንገሸግሻት ነበር። እንግዲህ በየቀኑ አዲስ። እስከ ኅዳር ስምንት ሠላሳ ቀን… ሠላሳ ዓይነት እንቁላል አለ?

ጥቅምት 10፣ ማክሰኞ

ትናንት አቮካዶ በወንፊት፣ በላዩ የአስኳል ዱቄት። ቀመስኩ፣ በላች። ዛሬ ቁጥር አራት። አንድ እንቁላል በሁለት እጥፍ ወተት መትቼ አጠለልኩና በሻይ ብርጭቆ አደረግኩት። ድስት ውስጥ በቀስታ በሚፈላ ውሃ አቆምኩ፣ በስኒ ማስቀመጫ ከደንኩ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ሲከፈት ይንቀጠቀጣል። ባለሙያዋ አይታ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ የተሻለ ለመዋጥ የሚመች ምግብ አላውቅም» አለች።

አርባ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም። ጨመረች! መቶ ግራም። የሁለት እንቁላል ክብደት እንኳ በቅጡ አይሞላም መሰለኝ… ብቻ ጨመረች።

ጥቅምት 13፣ ዓርብ

ከማተሚያ ቤት የማሽን ሠራተኛው መጣ፣ የሚታረም ገጽ አመጣልኝ። እረፍት ላይ ብሆንም ቤት ሆኜ እሠራለሁ።

«ድርብ ሰረዝ፣ እንዴት ነህ?» ቅጽል ስሜ ነው። ያልተፈለገበት ቦታ ሁሉ ድርብ ሰረዝ ስለምጨምር። «ያ የምግብ መጽሐፍ ትዝ አለህ? ያረምከው?»

እንዴት ረሳሁት? የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ሁለት መቶ አርባ ገጽ። «ሽንኩርት» ላይ የሳተውን ሁሉ አስተካክያለሁ፣ አንድ እንቁላል መጥበስ ግን አልተማርኩበትም። ነገ ላምጣልህ አለኝ። ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ይህን ተረት በዚህ ሳምንት ሲነግሩኝ ሦስተኛው ነው። እንቁላሉ ቀስ ይበል፤ ኅዳር ስምንት ግን ቀስ አይልም።

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ

መጽሐፉ ጥሩ ነው። በግራም፣ በደቂቃ። አሁን እንደ ሕግ ሰው ሆኛለሁ፤ የተጻፈውን እከተላለሁ፣ መቅመስ አያስፈልግም። ቁጥር ሰባት፣ ድንች እንደ ጎጆ ክብ ሠርቼ መሐሉ አስኳል። አምሮ ነበር… አፏን ገጠመች። ቁጥር ስምንት፣ ቆስጣ ተፈጭቶ ከእንቁላል ጋር። «እን…»፣ ገጠመች። ቁጥር ዘጠኝ፣ የተቃጠለ ስኳር ከታች፣ ጣፋጭ። ጣፋጭ ትወድ ነበር። ሁለት ማንኪያ።

አርባ አንድ ከግማሽ።

ምን አጠፋሁ? አዲስ ነው። ሁሉም አዲስ ነው።

ባለሙያዋ ሚዛኑን ሁለቴ አየችና፣ «ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ስልሳ ስድስት ገብተዋል። ይበላሉ?» አለችኝ። እበላለሁ። የተረፋትን፣ ወጥ ቤት፣ ቆሜ። ምን አገባት?

ጥቅምት 20፣ ዓርብ

ቲማቲም ፈጭቼ፣ እንቁላሉን ውስጡ አፍርጬ፣ በወንፊት። አልበላችም።

ጥቅምት 21፣ ቅዳሜ

ነጩን ብቻ መታሁ፣ ክንዴ እስኪዝል። እንደ ደመና ሆነ። እንፋሎት ላይ አበሰልኩት። ከማንኪያው ላይ ተንሳፍፎ አንሶላው ላይ ወደቀ። ሳቀች። በግማሽ ፊቷ ሳቀች! ልቤ ሞቀ… ማንኪያውን ሳቀርብ ግን ያው። «እን…»

ምን ዓይነት እንቁላል ነው የምትፈልገው? የት የበላችው? እናቷ ቤት? እኔ ሳላውቅ?

ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ

አርባ ኪሎ ከአራት መቶ።

ትናንት ቸኩዬ የቀቀልኩትን አስኳል በደንብ ሳላላላ ሰጠኋት፤ አንዲት ማንኪያ እንደ ምንም በጉንጯ በኩል አስገባሁ። ደረቅ ቅንጣት ነበረበት። ትን አላት። ፊቷ ጠቆረ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ድምፅ የለም። ወደ ፊት አጎንብሼ ጀርባዋን መታሁ፣ መታሁ… ወጣ። ተነፈሰች። እኔ ግን እስካሁን አልተነፈስኩም።

በገዛ እጄ ልገድላት ነበር።

ለባለሙያዋ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ባትቆጣ ይሻል ነበር ወይስ ብትቆጣ? «በግድ አያጉርሱ፣ ጋሼ። የማይበሉት ስላልፈለጉ ነው። አንዳንዴ በሽተኛው… ይወስናል።» ይኸው። ያልጻፍኩትን ሌላ ሰው ተናገረልኝ።

ጥቅምት 26፣ ሐሙስ

ጮህኩባት።

ዱባ ከእንቁላል ጋር ነበር፣ ቁጥር አሥራ ሁለት። ጠዋት ሙሉ ለፍቻለሁ። «እን…» ስትል ሳህኑን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። «መሞት ከፈለግሽ ንገሪኝ!» አልኩ። መናገር ለማትችል ሴት ንገሪኝ አልኳት። አየችኝ። አላለቀሰችም። ግራ እጇን አንስታ ወደ ወንበሩ ጠቆመች። ቁጭ በል ማለቷ ነበር? አልተቀመጥኩም። ግድግዳውን ልጠርግ ሄድኩ።

ሠላሳ አራት ዓመት ድምፄን አልሰማችም ነበር እንዲህ።

ጥቅምት 27፣ ዓርብ

ይቅር በይኝ አልኳት። እጄን ያዘች። አልበላችም።

ቱቦውን አስቤ ሰነበትኩ። በቱቦም ቢሆን ትኑርልኝ እላለሁ… መሐላዬን ማፍረስ ነው። ካላፈረስኩ ደግሞ ሬሳ መጠበቅ ነው። ለማን ልንገር? ማተሚያ ቤቱ ያረምኩትን ገጽ መልሶልኛል፤ «ሞት» የሚለውን አራት ቦታ ላይ «ሞተች» አድርጌዋለሁ። ማንም አልጨመረውም፣ እኔ ነኝ።

ጥቅምት 29፣ እሑድ

ከየት ልጀምር…

ታናሽ እህቷ መጣች። ሩቅ ከተማ ናት፣ ነርስም አይደለችም፣ አስተማሪም አይደለችም፤ መኪና ነው የምትነዳው፣ የጭነት። ዕቃዋን ሳታስቀምጥ «ርቦኛል» አለች። አዲስ ነገር ስላጣሁ ጠዋት ደግሜ የሠራሁት ቁጥር አራት፣ በብርጭቆ የሚሠራው፣ ሁለት ነበረኝ። አንዱን ለሚስቴ፣ አንዱን ለእሷ። እሷ የእህቷ አልጋ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጠችና መብላት ጀመረች። እኔ ማንኪያ ይዤ ቆሜያለሁ።

ሚስቴ አየቻት። «እን…» አለች። አፏን ገጠመች።

«ይኸው፣ እምቢ ልትል ነው» አልኩ።

እህቷ አፏን እንደሞላች፣ ቀና ሳትል፣ «እሺ እታለም፣ እንብላ» አለች።

ሚስቴ አፏን ከፈተች።

ቆምኩ። ማንኪያው በእጄ። እህቷ ተናድዳ፣ «ምን ትገተራለህ ጋሼ? አጉርሳት እንጂ!»

አጎረስኳት። ዋጠች። እህቷ ጎረሰች። ሚስቴ አፏን ከፈተች። እህቷ ጎረሰች… ብርጭቆው አለቀ።

«ምን አልሻት?» አልኩ በኋላ፣ ወጥ ቤት።

«ምን አልኳት?»

«እንብላ አልሽ።»

«እሷ ናት ያለችው እንጂ። እንብላ እያለችኝ ዝም ልበላት?» እንደ ሞኝ አየችኝ። «ልጅ እያለን እኮ ሁላችንም ካልተቀመጥን አታነሳም። ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ታስጠብቀን ነበር። ‹ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል› ስትል አባታችን ይስቅባት ነበር። አንተን አትጠብቅም?»

ትጠብቀኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት። ከማተሚያ ቤት አምሽቼ ስመጣ ምግቡ ተከድኖ፣ እሷ ሳትበላ። «ስንቴ ልንገርሽ፣ አትጠብቂኝ፣ ብይ» እላት ነበር። እቆጣት ነበር።

ማስታወሻዬን ወደ ኋላ ገለበጥኩ። ቁጥር አንድ፣ ቀመስኩ፣ በላች። ቁጥር ሁለት፣ ጎረስኩ፣ በላች። ሦስት፣ ቀመስኩ… መጽሐፉ ከመጣ በኋላ መቅመስ ተውኩ። እሷም ተወች። በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ጽፌ አላነበብኩትም።

አዲስ እንቁላል አልነበረም የምትፈልገው። አብሯት የሚበላ ሰው ነበር።

ኅዳር 1፣ ማክሰኞ

አርባ ከግማሽ። መቶ ግራም ብቻ፣ ግን ወደ ላይ።

ለባለሙያዋ ነገርኳት። አላመነችኝም፤ ድምፅ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ተስፋ አያብዙ አለች። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጣ ከንፈሯን አየች። «እን…»፣ ተገጠመ። ባለሙያዋ እንደሷ አድርጋ የራሷን ከንፈር ገጠመች። «ጋሼ፣ ‹ብ› ሲባል ከንፈር ይገጥማል» አለች። «‹ቁ› ሲባል አይገጥምም። ይሞክሩት።»

ሞከርኩት። እንብ… እንቁ…

እምቢ እያለች አልነበረም። ‹ብ› ላይ ደርሳ ነበር። በየቀኑ፣ ሁለት ሦስቴ፣ ላብ እያጠመቃት ‹ብ› ላይ ትደርሳለች፣ እኔ ደግሞ «አፏን ገጠመች» ብዬ እጽፋለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ።

ኅዳር 4፣ ዓርብ

አልጋው አጠገብ ትንሿን ጠረጴዛ አስገባሁ፣ የስፌት ማሽኗ የተቀመጠባትን። ሁለት ሳህን። ለእሷ በእንፋሎት የተሠራው፣ ለኔ የተቀቀለ። ቢላ ሳጣ የሷን ክር ወስጄ እንቁላሉን ቆረጥኩበት፤ ክሯን በመንካቴ ገላመጠችኝ። «እን…» ስትል «እንብላ» እላለሁ፣ እጎርሳለሁ፣ ትከፍታለች። አንዳንዱ ቀን ግማሹን ትታ ትደክማለች። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። አራት ቀን ቀርቷል።

ያው ምግብ ነው፣ አራት ቀን ሙሉ። አንዴም አልሰለቻት።

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል። ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያ። ሚዛን ላይ ወንበር አለ፣ አቅፌ መውጣት አላስፈለገኝም። አርባ ኪሎ ከሦስት መቶ። ከባለፈው ማክሰኞ ሁለት መቶ ግራም ወርዷል…

ሐኪሙ ወረቀቱን አገላበጠ። ሲበሉ ማየት እፈልጋለሁ አለ። ራሱ ማንኪያ ይዞ ቀረበ። ሚስቴ አየችው። «እን…» አፏን ገጠመች።

«እምቢ ብለዋል» አለና ብዕሩን አነሳ።

«እምቢ አላለችም» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። «ዶክተር፣ እየጋበዘችዎት ነው። ካልበሉ አትበላም።»

ሐኪሙ አጠገቡ የቆመችውን ባለሙያ አያት። ባለሙያዋ መሬት መሬት አየች፣ ከዚያ፣ «እውነታቸውን ነው ዶክተር» አለች።

ከቦርሳዬ ብርጭቆዎቹን አወጣሁ። በልማድ አራት ሠርቼ ነበር፣ እንዳይቀዘቅዙ በፎጣ ጠቅልዬ። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ወንበር ሳበ። «ጨው የለውም እንዴ?» አለ ከመጀመሪያው ማንኪያ በኋላ። ሚስቴ አፏን ከፈተች። አራታችን በላን። እስከ መጨረሻው ዋጠች፣ አንዴ እንኳ ሳታስል፤ ስትጨርስ የሐኪሙን ብርጭቆ ጎንበስ ብላ አየች፤ ጨርሶ እንደሆነ ነው። አልጨረሰም ነበር። ጨረሰ።

ወረቀቱ ላይ የጻፈውን በግልባጩ አነበብኩ፣ ሙያዬ ነው። «ቱቦ አያስፈልግም። ክትትል። በወር አንዴ።» አንድ ቃል ተሳስቷል። አላረምኩትም።

ኅዳር 27፣ እሑድ

አርባ ሦስት ኪሎ። የኔ ስልሳ ስምንት ተመልሷል።

ከነገ ጀምሮ ግማሽ ቀን ማተሚያ ቤት እገባለሁ፤ ጠዋት የላይኛዋ ጎረቤት ትቀመጥላታለች። ሳህን ይዛ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ፤ ግራ ገብቷት እሺ አለች። ለምሳ እደርሳለሁ። ቀኝ እጇ አሁንም ተኝቷል፣ ሐኪሙ ብዙ አትጠብቅ ብሎኛል። ሌላ ቃልም አልመጣም ብዬ ነበር ይህን መጻፍ የጀመርኩት።

ጠረጴዛው ላይ ነው የምጽፈው። ሳህኖቹ ቀርበዋል። እስክጨርስ ትጠብቀኛለች ብዬ፣ ትንሽ ብቻ፣ ይህችን መስመር… ብዕሬን በግራ እጇ ያዘችው። ከንፈሯ ገጠመ። ጠበቅኩ። አልጨረስኩላትም፣ ጠበቅኩ።

«ብላ» አለች።

ሁለት ፊደል። ምንም አልጎደለውም።

እሺ። ልብላ።